ቦዩ ዳር የቆመው ሳይክል

ኮረኮንች ላይ ሳይክል ያልነዳ ሰው አገራችሁን አውቃለሁ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። ወሎ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ዳገት ነው፤ እውነትም ወደ አምባሰል ሲወጣ ጉልበት ይፈተናል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲጠጋ ግን መሬቱ እፎይ ይላል። ገበሬው ወንዙን ጠልፎ በቦይ በቦይ ይከፋፈለዋል፣ ከዋናው ቦይ ጎንም አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ የጠጠር መንገድ ተዘርግቷል። የልጅነቴ መንገድ ይኸው ነው።

መንገዱን ያወቅሁት በአባቴ ሳይክል ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኑ ሲያዝ እንደ ፍየል የሚጮህ ሳይክል ነበር። አባቴ የውሃ አባት ነበር፤ በዚያ ቦይ የሚያጠጣው ገበሬ ሁሉ ተስማምቶ የመረጠው፣ ተራ የሚያወጣና ተራ የሚያስከብር ሰው ማለት ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው ነበር ሳይክሉን የገዛው። በበጋ ሱብሂን ሰግዶ ይነሳና ቦዩን ከላይ እስከ ታች ይነዳዋል። ባለ ተራው ጋ ሲደርስ ውሃ የሚገባበትን የማሳውን አፍ ያስከፍታል፣ ሳይክሉን እዚያው ያቆማል፣ ከዚያ ውሃው ጫፍ መድረሱን ሊያይ በእግሩ ይገባል። መጀመሪያ ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ሳይክል አይገፋም። እያደር ግን ሕግ ሆነ። ሳይክሉ የቆመበት ማሳ ይጠጣል። ሳይክሉ እስኪነሳ ያንን አፍ የሚዘጋ፣ ውሃውን ወደ ራሱ የሚመልስ ሰው የለም። አባቴ ሶላት ላይ ይሁን ምሳ ላይ የሚጠይቅም የለም። ወንድማማቾችን አካፋ የሚያማዝዝ ውሃ በአንድ አሮጌ ሳይክል ጸጥ ብሎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ።

መንዳት የተማርኩት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። መቀመጫው ላይ ስለማልደርስ መጀመሪያ እግሬን በብረቱ ሥር አሹልኬ፣ ጎብጬ ነበር የምነዳው። አንድ ጎረቤታችን «ሴት ልጅ ብረት ላይ ትወጣለች እንዴ?» ብሎ አባቴን ቢጠይቀው «ግመል ላይ ስትወጣ ዝም ያላችሁ፣ ሳይክል ላይ ምነው?» አለው። ከዚያ በኋላ የተናገረኝ ሰው የለም፤ ቢናገሩም የምሰማ አልነበርኩም።

ያ መንዳት ዛሬም በእግሬ ውስጥ አለ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ከግራዬ ውሃው አብሮኝ ሲወርድ፣ አንዳንዴ እኔ ስቀድመው አንዳንዴ የቀደመኝ ሲመስለኝ፣ የረጠበ አፈርና የሽንኩርት ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ ላይ ሆኜ ማንም ታዘዢ አይለኝም።

አንድ ጁምዓ፣ በጋው ጠንክሮ ሳለ፣ አባቴ ለሶላት ከጎረቤቶቹ ጋር በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደ። ጁምዓ ጁምዓ ሳይክሉ ቤት ይውላል፤ አባቴ ተራውን አስቀድሞ ተናግሮ ይሄዳል፣ ሰውም በቃሉ ይቀባበላል። እኔ አባቴ መራቁን አየሁና ሳይክሉን አወጣሁ። ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ ዳር ደርሼ አባቴ ሳይመለስ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሐይቁ ሲታየኝ የቀረውን መንገድ ጭቃ ጠላሁት፤ ሳይክሉን አንድ የዘይቱን ዛፍ አጠገብ፣ ቦዩ ዳር አቆምኩትና በእግሬ ሮጥኩ። እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ከክፍሌ ልጆች ጋር ስስቅ ቆየሁ። ስንት እንደቆየሁ የገባኝ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ነው።

ስመለስ ሳይክሉ አጠገብ አንዲት ጎረቤታችን አካፋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴትዮ ናቸው። ከቀትሩ ዝሁር እስከ ዐስር ሶላት ያለው ውሃ የሳቸው ነበር፤ የሽንኩርት ችግኝ ከተከሉ ገና ሦስት ቀናቸው ነው። እኔ ሳላስተውል ያቆምኩት የላይኛው ማሳ አፍ ላይ ኖሯል። የላይኛው ባለማሳም ጁምዓ ሄዷል። ውሃው ከጠዋት ጀምሮ የጠገበ ሽንብራ ላይ ሲፈስ፣ የሴትዮዋ ችግኝ በፀሐይ አንገቱን ደፍቷል።

«አባትሽ የት አሉ?» አሉኝ።

«ወደ ታች ወርዷል» አልኩ። ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው።

ቀና ብለው አዩኝና «አብሽሪ» ብቻ አሉኝ። ሳይክሉን አንስቼ በረርኩ። ሳይክሉ ቢነሳም ጊዜው አልፎ ነበር፤ ከዐስር በኋላ ውሃው የታችኛው መንደር ነው። የሳቸው ተራ የሚመለሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

መግሪብ ሊል ሲል ቤታችን መጡ። አልጮሁም። «ዛሬ ውሃ ሳላገኝ ዋልኩ» አሉት አባቴን። ለምን ሲላቸው «ሳይክሉ ቆሞ ነበር» አሉ። ወደ እኔ ዞር አላሉም። አባቴ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሳይክል አየ፣ ቸርኬው ላይ የደረቀውን ጭቃ አየ። «እሷ ናት» ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «የሰኞውን የእኛን ተራ ይውሰዱ።»

እኔ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ሳይክሉን ከመውሰዴ፣ ከመዋሸቴም ይልቅ ዝምታዬ። እስከ ሰኞ ከሴትዮዋ ችግኝ ግማሹ ሞተ። የእኛም ቲማቲም በዚያው ሰበብ ሳያፈራ ቀረ።

በዚያ ጁምዓ ማግስት አባቴ ሳይክሉን እየገፋ በረንዳው ላይ አመጣልኝ። «ከእንግዲህ ያንቺ ነው። ለመንዳት ብቻ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይክል ቆሞለት አያውቅም። ባለ ተራው አጠጥቶ እስኪጨርስ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ፣ እያንዳንዱ ማሳ አፍ ላይ ራሱ ይቆም ጀመር። እኔ በሳይክሉ ሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት ስመላለስ በአጠገቡ አልፋለሁ። እጁን ያነሳልኛል። አልዋሽም፣ ያ መንዳት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደስታዬና እፍረቴ አንድ ሳይክል ላይ ተፈናጥጠው ነበር የሚሄዱት።

ኋላ እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች ዓረብ አገር ሄድኩ። አባቴ የሞተው እዚያ እያለሁ ነው። ስመለስ ሳይክሉ በረት ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበት አገኘሁት። ካቴናና የጎማ ካለመዳሪ አስቀየርኩለት፤ ፍሬኑ ግን ዛሬም ይጮሃል። የውሃ ተራ አሁን በስልክ ነው የሚነገረው። መንገዱ ያው ኮረኮንች ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

በዚህ በጋ አንድ ጠዋት ወደ ሴትዮዋ ማሳ ነዳሁ። አርጅተዋል፤ ያው ሽንኩርት እያጠጡ ነው። ሳይክሉን አቁሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አፈረጥኩት።

«እትዬ፣ ያን ጁምዓ ሳይክሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ። አባዬ ወርዷል ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ እኮ የኔ ዓለም» አሉኝ። «አባትሽ ሚኒባስ ሲሳፈሩ አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ችግኝዎ ሲሞት ምነው የላይኛውን አፍ አልዘጉትም?»

«ያቆመችው ልጅቷ ናት ብዬ ብዘጋው፣ ነገ ሌላው እሳቸው ያቆሙበትንም ልጅቷ ያቆመችው መስሎኝ ነው እያለ ይዘጋዋል። ኋላ ማን ሊዳኘን ነው?» አካፋቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «ማታ የመጣሁት እሳቸው ይወቁት ብዬ ነው። ይገርፉሻል ስል፣ ወላሂ ሳይክሉን ሰጡሽ።»

ሳቁ። እኔ ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። በዚህ መሃል ውሃው ትልሙን ሞልቶ ወደ መንገዱ መፍሰስ ጀመረ፤ ጫማዬ ረጠበ።

«እትዬ፣ ማሳው እኮ ሞላ። አይዘጉትም?»

በአገጫቸው ወደ ቦዩ አመለከቱኝ። ሳይክሉ የማሳቸው አፍ ላይ ቆሟል።

«ሳይክሉን አንሺልኝ እንጂ» አሉኝ።

ሄጄ አነሳሁት። ያን ጊዜ አካፋቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።