የጉንጬ ሴልና የቤታችን ድመት

ከጉና እስከ ጣና እንደ እኔ ሴል ያየ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ያየኋቸው ቢሰለፉ ጭራቸው ይፋግ ደርሶ ይመለሳል። እውነቱ ግን የትምህርት ቤታችን አንድ ለእናቱ ማይክሮስኮፕ መብራት ስለሌለው ከሥሩ ባለች መስታወት ፀሐይ እየለመነ ነው የሚሠራ። ደብረ ታቦር ደግሞ ፀሐይዋን ብልጭ አድርጋ መልሳ የምትደብቅ ቆንቋና ናት። ስለዚህ ዕድሜ ልኬን አብዝቼ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሌላውን ሰው ጾም ያደክመዋል፤ እኔን የሚያደክመኝ ዘጠነኛ ክፍልን ማስተማር ነው። አንድ ዓርብ ደግሞ ቤቴም አድክሞኝ ነበር የወጣሁት። ባለቤቴ ለፋሲካ ብላ ጓዳ ውስጥ የሰቀለችው ቋንጣ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ፣ ጥፋቱ በድመታችን ላይ ተፈርዷል። ቅጣቱም በጆንያ ታስራ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣ ባላገር መሰጠት ነው። ልጄ እኔው የማስተምርበት ክፍል ነው የምትማረው፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ መጣች።

ባለፈው ሳምንት የሽንኩርት ሴል አይተናል። የዚያን ዓርብ ተራው የሰው ነበር።

«ጉንጩን የሚሰጠኝ ማነው?»

«ጾመኛ ነኝ፣ ቲቸር።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ረመዳን ነው።»

«ይህ ሁሉ አፍ ተቀምጦ አንድ ጉንጭ ይታጣ?»

ከኋላ አንዱ፣ «የእርስዎ አፍ መቼ አርፎ ያውቃል? ከእሱ ይውሰዱ እንጂ!» አለ።

ጉንጬን ከውስጥ በስንጥር ፋቅ ፋቅ አድርጌ ስላይዱ ላይ ቀባሁ፤ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጌ በስስ መስታወት ከደንኩት። ሌላ ጊዜ ተማሪ ከማየቱ በፊት እኔ አያለሁ። ያን ቀን ግን ወገቤ ጎንበስ ማለት አልፈለገም። ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ በቃሌ አወራሁ፦ «ጠፍጣፋ ነው፤ ዳርዳሩ እንደ ተቆረሰ ቂጣ። መሐሉ ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ የምትታየው ነጥብ ኑክሊየስ ናት። ቀጥል!»

የልጄ ተራ ደረሰ። ቆየች።

«ነጥቧን አየሁ፣ ቲቸር። ከአጠገቧ ግን ረዘም ያለ ነገር አለ፤ አግድም አግድም የተሰመረ።»

«ከሸሚዜ የወደቀ ክር ነው። ቀጥል!»

አልቀጠለችም። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ የሳልኩትን የጡንቻ ሥዕል አየች። ይህን ያልለየ ፈተናዬን አያልፍም ብዬ የፎከርኩበት ሥዕል ነው። ከዚያ እኔን አየች፤ ከዚያ አፌን።

«ክር እንዲህ አይሰመርም። ጡንቻ ነው።»

«የማን ጡንቻ?» አለ የኋላው።

«የጉንጬ ነዋ! አጥብቄ ስለፋቅሁት ነው።»

«ታዲያ ደሙስ?» አለች ልጄ።

«ሽሮው ጡንቻ አውጥቷላ!» አለ ያው የኋላው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጾመኛ እንዲህ የሚስቅበትን ጉልበት ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ፣ ቲቸር ማለቱን ረስታ፣ «አባዬ፣ ድመቷ አይደለችማ?» አለችኝ።

ደወል አዳነኝ። እሷ እየሮጠች ሄደች። እኔ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት፤ ባጃጅ እየቆመ ቢጠራኝም ቶሎ መድረሱን ማን ፈልጎት። ቤት ስደርስ ጆንያው ባዶውን በር ላይ ተጥሏል። ድመቷ የእኔ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ና እስቲ፣ አንተ ጾመኛ፤ አፍህን ክፈት» አለችኝ።

ከፈትኩ። ድመቷ አንዲት ቁራጭ አልነካችም። በሁዳዴ ጓዳ እየገባሁ ቋንጣውን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ጥርሴን እንኳ አልፋቅሁም።