ለጀማሪ ሯጭ የሸጥኩት ሰዓት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ይማም ሰዓት አላስነኩኝም። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነበረቻቸው። የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን መሬት ላይ ጣሉና ወረንጦ አቀብለውኝ «ፈልግ» አሉኝ። እስከ ምሳ ድረስ በጉልበቴ ስድህ ቆየሁ። አግኝቼ ስሰጣቸው ተቀበሉኝና መልሰው ጣሏት። ተናድጄ ቀና ስል «አሁን ቶሎ ታገኛታለህ» አሉኝ። እውነትም ቶሎ አገኘኋት።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ሥራ አሳዩኝ። ተጠግኖ ያለቀ ሰዓት ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ጋር ይስተካከላል። የግድግዳውን እሳቸው ራሳቸው በየጠዋቱ ከሬዲዮ ጋር ያስተያዩታል። «ከዚህ ሱቅ የሚወጣ ሰዓት የኛን ሰዓት ይዞ ነው የሚወጣ፤ የፈረንጅ አቆጣጠር የፈለገ እዚያው ፈረንጅ አገር ይጠገንለት» ይሉ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት፤ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ይህን ግትርነት ከነወረንጦው ወረስኩት።

ሁለት ዓመት ለማጅ ነበርኩ፤ ማሰሪያ እቀይራለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ። ቀጥሎ ባትሪ ቀያሪ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ነው ክዳን ከፍቼ ጥርሱን በቤንዚን እንዳጥብ፣ ማጉያውን ዓይኔ ላይ እንዳደርግ የተፈቀደልኝ። ጋሽ ይማም ዓይናቸው ሲደክም ሱቋን ለቀቁልኝ። አላህ ይዘንላቸውና፣ እስኪሞቱ ድረስ በየጁምዓው ከሶላት መልስ ብቅ እያሉ የግድግዳውን ሰዓት ይፈትሹብኝ ነበር።

ስልክ የሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ሲገባ ሥራው ቀዘቀዘ። ሰዓት ጠያቂ ጠፋ፤ ጠጋኙም አብሮ ሊጠፋ ነበር። ያኔ ነው ዱባይ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ የሩጫ ሰዓት ያመጣልኝ። ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ የሮጥከውን ርቀት የሚነግርህ ዓይነት ነው። ሲያሳየኝ ወላሂ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሦስት አራት እያልኩ መሸጥ ጀመርኩ። ሯጭ የሆነ ሰው ችግር የለበትም፤ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ይዞ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ጀማሪው ነው፤ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅምና።

ምሕረት ጀማሪ ነበረች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራለች። በየቅዳሜው እናቷን ልትጠይቅ፣ ከዚያም ከቸርቻቸው መዘምራን ጋር ልትለማመድ ደሴ ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ «የሩጫ ሰዓት የሚሸጡት ጋሽ ሰይድ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ሯጭ ነሽ?»

«ገና ልሆን ነው» አለች ሳቅ ብላ።

ነገሩን አስረዳችኝ። ፋብሪካው የሠራተኞች ሩጫ ቡድን አለው። ቡድኑ ውስጥ የገባ ሰው ከሰዓት በኋላ ልምምድ ስላለበት የጠዋት ፈረቃ ብቻ ነው የሚሠራ። እሷ የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት የስድስት ዓመት ልጇን ጎረቤት ታስተኛለች። ልጅቱ በሰው ቤት እንቅልፍ እንቢ እያለች አስቸገረቻት። ቡድኑ ውስጥ ለመግባት አሥር ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች መሮጥ ነው፤ ሌላ መመዘኛ የለውም። ማጣሪያው ከሦስት ወር በኋላ ነው። «አሠልጣኝ የለኝም፤ ስንት እንደሮጥኩ የሚነግረኝ ነገር ቢኖር ግን እችላለሁ» አለች።

ያሉኝን ሦስት ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት። እጇ ወደ ትልቁ፣ ወደሚያብለጨልጨው ሄደ። ማን ይፈርድባታል፣ ጀማሪ ሁሉ እሱን ነው የሚያነሳ። «ይህ በጣት የሚነካ ነው» አልኳት። «ላብ ሲያገኘው ጣትሽን አይሰማም። ባትሪውም ሁለት ቀን አይደፍንም።» ሁለተኛው ቀጭን አምባር መሳይ ነው። «ይህ ደግሞ ያለ ስልክ ርቀት አያውቅም። ስልክሽን ጨብጠሽ ትሮጫለሽ?»

«ኧረ ቢወድቅብኝስ» አለች።

ሦስተኛውን ገፋሁላት። ጥቁር ነው፣ ቀላል ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ አምስት ቁልፍ አለው። ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፤ ፀሐይ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አንዴ ከተሞላ ሳምንት ይሄዳል። ላብና ዝናብ አያስገባም።

«መልኩ ግን አያምርም ጋሽ ሰይድ።»

«ለሰርግ አይደለም የምትገዢው። ለጀማሪ ሦስት ቁጥር ይበቃዋል። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ። ይኸኛው ሦስቱንም በትልልቅ ፊደል ያሳይሻል።» ወሰደችው። እስከዚህ ድረስ ምክሬ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ጀማሪ ሲመጣ እንዲህ ነው የምለው።

ከመስጠቴ በፊት እንደ ልማዴ ከግድግዳው ጋር አስተካከልኩላት።

በሳምንቱ ተመለሰች። «እየሠራ ነው፤ ግን ሰዓቱ ይቀየርብኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጥቼ ሳተላይት ሲይዝ ስድስት ተኩል ይለኛል» አለች። አስተካክዬ መለስኩላት። በሌላው ቅዳሜ ያው ሆነ። ሳተላይቱ ባገኘው ቁጥር የፈረንጁን አቆጣጠር እየመለሰበት ነው። ይህን መረዳት አላቃተኝም። ያቃተኝ መቀበሉ ነው።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ይቅር፤ ስድስት መቀነስ አያቅተኝም» አለች።

«አንቺ ግድ ባይኖርሽ እኔ ግድ አለኝ» አልኳት። ከሱቄ የወጣ ሰዓት በእንዲህ ያለ ሁኔታ ኮምቦልቻ ሲዞር ዝም አልልም። ቁልፎቹን እየተጫንኩ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። እንግሊዝኛዬ የባትሪ ካርቶን ለማንበብ ያህል ነው፤ ሳተላይቱን የሚያበራና የሚያጠፋ መስመር ግን አገኘሁ። አጠፋሁት። የኛን ሰዓት ሞላሁና ደጅ ወጥቼ ወደ ሰማይ ይዤው ቆምኩ። የጫማ ቤቱ ሰውዬ ምን ሆነ ብሎ ያየኛል። አሥር ደቂቃ ቆየሁ፤ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር አልተመለሰም። ደስ አለኝ።

«ርቀቱንስ ይቆጥራል?» አለች።

እጄ ላይ አሰርኩትና እያወዛወዝኩ እስከ መስቀለኛው መንገድ ሄጄ ተመለስኩ። ቁጥሩ ይጨምራል። «ይኸው ይቆጥራል፤ አብሽሪ» ብዬ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ቁጥር ይዛ ትመጣለች። አምስት ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ አሥር። አሥሩን መጀመሪያ በስልሳ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በሃምሳ ስምንት፣ ከዚያ በሃምሳ ሦስት ጨረሰችው። እኔም ለጫማ ቤቱ ሰውዬ «የኔ ሯጭ» እያልኩ አወራለታለሁ። ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስሟን አስመዘገበች።

በተመዘገበች በሳምንቱ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። የቡድኑ ተጠሪ የማጣሪያውን መንገድ በመኪና ለክቶ፣ መነሻውንና መድረሻውን በኖራ አስምሮ ነበር። ልሞክረው ብላ ስትሮጥ የሷ ሰዓት አሥሩን ከሞላ በኋላ ኖራው ገና ሩቅ ነው። መስመሩ ላይ ስትደርስ አሥራ ሁለት ይላታል።

«የመኪናው ቆጣሪ ተሳስቷል» አለችኝ። «ለተጠሪው ብነግረው ሳቀብኝ። እርስዎ ሰዓት አዋቂ ነዎት። ሰዓቱ ትክክለኛ ነው ብለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጻፉልኝ።»

ማኅተም አለኝ፤ ለደረሰኝ ያስቀረጽኩት ነው። ወረቀቱን አወጣሁ፣ እስክሪብቶ አነሳሁ። እንዲህ ታምኜ ስለማላውቅ እጄ ቶሎ ነበር የሄደው። ግን ጋሽ ይማም ሳያዩ ማኅተም አያደርጉም ነበርና «ምሳ በልተሽ ተመለሽ፤ አንድ ጊዜ ልየው» አልኳት።

ሰዓቱን አስሬ ለምሳ ወደ ሆጤ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱንም እጄን ካፖርት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የተጓዝኩት። የግቢዬ በር ላይ ደርሼ ስመለከተው ያን ሁሉ መንገድ መቶ ሜትር እንኳ አላለውም። አንዱን እጄን አውጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ አወዛወዝኩት። አንድ እርምጃ ሳልራመድ መቁጠር ጀመረ።

ያኔ ገባኝ። ሳተላይቱን ሳጠፋበት ሰዓቱ ዓይኑ ታውሯል። የእጅ ውዝዋዜ እየቆጠረ በግምት ነው ርቀት ሲነግራት የከረመው። ምሳዬን አልበላሁም።

ስትመለስ ወረቀቱ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሊጻፍ ይችል እንደነበር አልደብቃችሁም። ማኅተም ያለው ወረቀት ተጠሪውን ሊያሳምነውም ይችላል፤ ኖራውን ሊያስነሳው ይችላል። የኔም ስም አይነካም። ደፍሬ ነገርኳት። ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ መኪናው ልክ ነው አልኳት።

ባዶውን ወረቀት ወደኔ ገፋችው። «ታዲያ አሥር ያልኩት ስንት ነው?»

«ስምንት ትሆናለች። ብትበልጥ ትንሽ ነው።»

«ለፈትል ክፍሉ ሁሉ ነግሬያለሁ» አለች። «ለልጄም ከእንግዲህ ማታ ማታ አብረን ነን ብያታለሁ።» እንባዋ መጣ። እኔም አፈርኩ፤ በሠላሳ ዓመት ገደማ ሥራዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሌላ ሰዓት ልቀይርልሽ አልኩ፣ ትልቁን ውሰጂው አልኩ። ዓይኗን ጠራረገችና «ይህንኑ ሳተላይቱን አብርተው ይስጡኝ» አለች።

«ሰዓቱ ግን የፈረንጁን መልሶ ያመጣል» አልኳት፣ እንደ ጅል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስልኬ ይነግረኛል። እኔ ከእርስዎ የፈለግሁት ኪሎ ሜትር ነው።»

አበራሁላት።

በቀሩት ሁለት ሳምንታት ቅዳሜ እንኳ ደሴ አልመጣችም። እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ መመሪያውን ይዤ እንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ጎረቤቴ ሄድኩ። መስመር በመስመር አነበበልኝ። ለካ የአገር ምርጫ የሚባል አለው። ከኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ የሚቆጥር አገር ከመረጥክለት ሳተላይቱ ሳይጠፋ የኛን አቆጣጠር ያሳይሃል። የተገኘው አገር አርጀንቲና ነው። ደውዬ ነገርኳት። «እባክዎ፣ እስከ ማጣሪያው አይንኩብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መላውን ማግኘቴ እንኳ አላስታረቀኝም።

የማጣሪያው ቀን ሱቅ ዘግቼ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ። ኮምቦልቻ በጠዋቱ ሞቋል። ካፖርቴን በእጄ ይዤ መድረሻው ኖራ አጠገብ ቆምኩ። የምሕረት ልጅ ከጎረቤቷ ጋር መጥታ ነበር፤ ከእናቷ በቀር ሌላውን ሯጭ አላየችም። ተጠሪው የማቆሚያ ሰዓቱን ይዞ ደቂቃ ይጠራል። ሃምሳ አምስት ሲል አራት ሴቶች ገብተው አበቁ። ሃምሳ ሰባት ሲል መንገዱ ባዶ ነው። ሃምሳ ስምንት ሲል ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

እየሮጠች በየጥቂቱ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። ምን እንዳየችበት በኋላ ነግራኛለች፤ የቀራትን ሜትር ነው። ሦስት መቶ ሲቀራት ማየቱን ተወችና ያላትን ሁሉ አወጣች። ኖራውን ስትረግጥ ተጠሪው «ሃምሳ ዘጠኝ ከአርባ ስድስት» ብሎ ጻፈ። እኔ እንዳለቅስ ማን አዘዘኝ፤ አለቀስኩ።

መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን አቅፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሃምሳ ሦስት ባይለኝ ኖሮ አልመዘገብም ነበር፤ ያውቃሉ?» አለች እየሳቀች።

«አውቃለሁ» አልኳት። ግን ይህን ማመካኛ አላደርገውም። የሮጠችው እሷ ናት፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ከተከታዩ ሳምንት ጀምሮ የጠዋት ፈረቃ ገባች።

እናንተ አሁን በስልክ ጥገናና በሰዓት ሽያጭ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ጀማሪ ሯጭ ሲመጣላችሁ ሰዓቱን ርቀቱ በታወቀ መንገድ ላይ እጃችሁን ኪስ ከትታችሁ ሂዱበት። ልክ ከሆነ ስጡት። ገዥው ያልጠየቃችሁን ነገር አትጠግኑ።