ለሌላ ቤት የመጣ ሰላምታ

ከሚሴ ላይ፣ በደሴ መንገድ ዳር፣ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የምንሰበሰብ የሬዲዮ ጀማ ነበርን። ጀማ ማለት እኛ ዘንድ ለዱዓም ለጨዋታም አንድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። የእኛ ጀማ የተቀመጠው ለሬዲዮ ነው። ሬዲዮው የማንም አልነበረም፤ አዋጥተን ነው የገዛነው። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ጎን በጨርቅ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ ከዙህር በኋላ ጨርቁን ሲያነሳ መንገደኛው ሁሉ ዜና መድረሱን ያውቃል።

እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። ወፍጮ ቤት ነበር የምሠራው። ስለ ሬዲዮ የማውቀው የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣና የአንቴናው ሽቦ ከፍ ካለ ድምፁ እንደሚጠራ ብቻ ነው። ሽቦው ከበረንዳው ወጥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ነፋስ ሲሆን ወይም ደመና ሲከብድ ድምፁ ይሸሻል፤ ያኔ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ የሽቦውን ጫፍ በእጁ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት። በቁመቴ ምክንያት ያ ሥራ የእኔ ሆነ።

«አንተ ግመል፣ ከፍ አድርገው እንጂ! አላህ ያን ሁሉ ቁመት የሰጠህ ለምንድን ነው?» ይለኛል ሾፌሩ ከውስጥ። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አጭር፣ አፈኛ።

«አንተ ደግሞ ና፣ ትከሻዬ ላይ ውጣና ያዘው» እለዋለሁ።

እንዲህ ነበር ጨዋታችን። ስድቡ ካልደራ ጀማው የታመመ ይመስለን ነበር።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን። ዜና ሲነበብ ያወራ ሰው ለሬዲዮው ድንጋይ ይገዛል። ልብስ ሰፊው በዚህ ዘመድ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሼሁ ራሳቸው፣ የመስጊዳችን ሽማግሌ፣ በዜና መሐል «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ቢሉ፣ «ዚክርም ቢሆን ወሬ ነው ሼሁ፣ ይግዙ» አላቸው። ስቀው ገዙ።

ሌላው ልማዳችን ሰላምታ ማድረስ ነው። የድንበሩ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግንባር የወታደር ሰላምታ ይተላለፍ ነበር። ወታደሩ ስሙን ይናገራል፣ አገሩን ይናገራል፣ ለእናት ለአባቱ ደህና ነኝ ይላል። ገጠር ያለው ቤተሰብ ሬዲዮ የለውም። ስለዚህ ከአካባቢያችን የሆነ ልጅ ድምፁ ከተሰማ፣ በገበያ ቀን ከዚያ ቀበሌ የመጣ ሰው እንፈልጋለን፤ «የእገሌ እናት ጋ ሂድ፣ ልጅሽ ተናግሯል በላት» ብለን እንልካለን። ሾፌሩ የተባለውን ቃል በቃል ይይዛል፤ ጭንቅላቱ እንደ ካሴት ነው። በዚህ ልማድ በዙሪያችን ያለው የጨፋ ገጠር ሰው ያውቀናል፤ ገበያ ለገበያ ያቅፉናል፣ ይመርቁናል።

የእኔም ልጅ እዚያ ነበር። አብሮኝ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ቆይቶ ነው የሄደው። አንድ ቅዳሜ ድምፁን ሰማሁት፤ ያን ቀን አየሩ ጠርቶ ስለነበር ውስጥ ነበርኩ። ለእናቱ ሰላም አለ፣ ለእኔ ሰላም አለ፣ ወፍጮ ቤቱን ሳይቀር ሰላም በሉልኝ አለ። ሾፌሩ ጀርባዬን እየደበደበ «አየህ ግመል፣ ልጅህ ከአንተ ይልቅ ይናገራል!» ሲል ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከበሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የለም። ተራው አልደረሰውም።»

«ብዙ ናቸዋ፣ እንዴት ይድረሰው» ትላለች፤ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትጽናናለች።

ምን ልበላችሁ፣ በደመናማ ቅዳሜ ነው ነገሩ የመጣው። ሽቦውን ይዤ ውጭ ቆሜያለሁ። የጭነት መኪና ተከታትሎ ያልፋል፣ ድንጋዩ ደክሟል፣ ከውስጥ አንድም ነገር አይሰማኝም። ያን ቀን የተባለውን እኔ የሰማሁት ቆይቶ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሆነ አንድ ወታደር ሰላምታ አስተላለፈ። ለእናቱ ደህና ነኝ አለ። በመጨረሻ ግን አማርኛውን ተወና በኦሮምኛ፣ ፈጠን ብሎ፣ የእኔን ስም ጠርቶ፣ ከሚሴ ወፍጮ ቤት ብሎ፣ «ረቢ ሰብሪ እስኒፍ ሃ ኬኑ» አለ። አላህ ሰብር፣ ጽናቱን፣ ይስጣችሁ ማለቱ ነው። ይህ ቃል ሰው ለሞተበት ቤት ብቻ የሚባል ነው። አቅራቢው ኦሮምኛ አያውቅ ኖሯል፣ አመስግኖት ወደ ሌላው አለፈ።

ስገባ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ።

«ምን መጣ?» አልኩ።

«ምንም። ድንጋዩ አልቋል» አለ ልብስ ሰፊው፤ ጨርቁንም ሬዲዮው ላይ ጣለ።

ሾፌሩ ከመቀመጫው ተነሳና «ና ወንድሜ፣ እዚህ ተቀመጥ፣ ሻይ ልዘዝልህ» አለኝ። ወንድሜ! ዕድሜ ልኩን ግመል ሲለኝ የኖረ ሰው። ታሞ ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልክ እንደ ልማዴ ሽቦው ጋ ስሄድ ሾፌሩ ቀድሞኝ ወጥቷል። ከሻይ ቤቱ በርጩማ ተውሶ እላዩ ላይ ቆሞ፣ በጣቶቹ ጫፍ ተንጠራርቶ ሽቦውን ይዟል። እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«ውረድ፣ ትወድቃለህ» አልኩት።

«አንተ ግባ። ደክሞሃል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የምደክመው?»

ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሰዎቹ ጥሩውን ቦታ ለቀቁልኝ። ጫት የያዘው ለጋውን መርጦ ለእኔ ሰጠኝ። የሰላምታው ሰዓት ሲደርስ ልብስ ሰፊው ሌላ ጣቢያ አዞረው፤ «የዚህኛው አይጠራም» አለ። ማንም አልተቃወመውም። ከእነዚያ ሰዎች መሐል ስለ ጣቢያ የማይጨቃጨቅ አንድም አልነበረም እኮ።

እኔ ቀስ ብሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ። ሳምንቱን በሙሉ ወፍጮው እየጮኸ ይህን ነገር አመላለስኩት። ከዚያ በሌላው ቅዳሜ፣ ዜናው ገና እንደተጀመረ፣ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዘንድሮ ማሽላውን ወፍ ጨረሰው» አልኩ።

ማንም ዞር አላለም። ልብስ ሰፊው መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ኧረ በዜና መሐል አወራሁ» አልኩ። «ቅጡኝ እንጂ።»

«ተወው፣ ምንም አይደለም» አለ ልብስ ሰፊው፣ ቀና ሳይል።

«ልጄ ሞቷል ማለት ነው» አልኩ።

ልብስ ሰፊው ዜናው እየተነበበ ሬዲዮውን አጠፋው። እንደዚያ ያደረገበትን ቀን ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሾፌሩ ከውጭ ሽቦውን ለቅቆ ገባ። «ሞቷል ያለን የለም» አለ። «ሰብር ይስጣችሁ ነው ያለው።»

«ሕያው ላለበት ቤት ሰብር ይላካል እንዴ?»

አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ቃሉን ከነኦሮምኛው ነገረኝ። እየነገረኝ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ሼሁ ምክንያቱን አስረዱኝ። ያ ቃል የተሰማ ምሽት ጀማው ጠርቶ አማክሯቸው ነበር። ወረቀት አልመጣ፣ የተናገረው ልጅ ፊት ለፊት የለ፣ «በሬዲዮ መርዶ እንዴት ይረዳል? ስህተት ቢሆን የእናቲቱን ልብ ማን ይመልሰዋል?» ብለው ለጊዜው አቆዩት ያሉ እሳቸው ናቸው። አልተቆጣሁም። ከእነሱ መሐል ብሆን እኔም አቆዩት እል ነበር። ቂም የያዝኩ እንዳይመስላችሁ። ሼሁም «አንዴ ካወቅኸው ከእናቱ መደበቅ አይሆንም፣ ሥርዓቱ ይፈጸም» አሉ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ናት።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም የለም» አልኳት።

መርዶ ባል ብቻውን ለሚስቱ የሚነግረው ነገር አይደለም። ሥርዓት አለው። ማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ የራሷ ሥጋ ዘመድ ባለበት፣ የሚደግፋት ሰው ባለበት ነው። ወንድሟ ያለው ጨፋ ሮቢት ነው። ገበያው ሲደርስ ሄድኩ። ከብት ተራ ላይ በሬ ይዞ ከአንድ ነጋዴ ጋር ሲከራከር አገኘሁት። ከሩቅ አየኝና ክርክሩን አቆመ።

«ማል ታኤ?» አለኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው።

«ከሚሴ አብረኸኝ ና» አልኩት።

ገመዱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ተከተለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ነገርኩት። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ ከሚሴ እስክንወርድ አልገለጠውም። ቤት እንዳትጠረጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ አሳደርነው።

በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መጡ፤ ሼሁ፣ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ወንድሟ ከኋላቸው። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሾፌሩን ከፊት አየችው።

«ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» አለች። ደግነቷ ነው፤ መዋጮ ሊጠይቁ የመጡ መስሏት «ግቡ፣ አናጣም» ልትል አፏን ስትከፍት ወንድሟን አየችው። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልችልም። ሼሁ ቃሉን እስኪጨርሱ አልቆየችም።

አስከሬን ሳይኖር የጀናዛ ሶላት ሰገድንለት። ሰው ከየቀበሌው መጣ፣ ሰደቃ ወጣ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔን ግን አታናግረኝም። ቀድሜ ማወቄን ከአፌ ነው የሰማችው። «አውቀህ የእኔን እንጀራ ቆርሰህ በላህ» አለችኝ አንድ ጊዜ ብቻ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ሾፌሩን አስጠራችው።

«ያ ልጅ ያለውን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «ምንም አታስቀር።»

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። የልጁን ስም፣ ከቦርከና ማዶ ያለች ቀበሌውን፣ እናቱን፣ እህቶቹን፣ ላሚቱ ወለደች ወይ ብሎ መጠየቁን፣ ደህና ነኝ ማለቱን፣ ከዚያ ለእኛ ያለውን። ስትሰማ ቆይታ፣

«እናቱ ሰማች?» አለች።

ሾፌሩ እኔን አየኝ። እኔም እሱን። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው የገባን።

«እንግዲህ እህቴ . . . የእሱን ሰላምታ ብንልክ የእናንተም ነገር አብሮ ይወራል ብለን . . .»

«አልነገራችኋትም።»

«አልነገርናትም።»

«ስንቱን ገበያ አሳለፋችሁ?» አለች። መልሱን አልጠበቀችም። «የእኔስ ሞቷል። የእሷ ቆሞ እየሄደ ለምን ትቃጠል?»

ማለዳ ተነሳች። የለቅሶ ልብሷን አውልቃ ለኢድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። «ሐዘን ለብሼ አልገባባትም» አለች፤ ከመርዶው ወዲህ ለእኔ የተናገረችው ሁለተኛ ቃል ነው። እኔ፣ ሾፌሩና ሼሁ ተከተልናት። ቦርከናን ጫማችንን በእጃችን ይዘን ተሻገርን። ማሽላው ደርሷል፤ ልጆች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። ሾፌሩ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቀልድ አልወጣውም።

ሴትዮዋን አውድማ ላይ ነው ያገኘናት። ማሽላ ታበጥራለች። እኛ ሞኞች፣ በምን ሰዓት እንደመጣን አላሰብንም። ገና ማለዳ ነው፣ ከፊት ሽማግሌ አለ፣ ከኋላ የማታውቃቸው የከተማ ሰዎች። ሴትዮዋ አየችንና ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ጮኸች። ከየቤቱ ሰው መሮጥ ጀመረ።

ባለቤቴ ከእኛ ተነጥላ ሮጠች። ሴትዮዋን አንገቷን አቅፋ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ «ደህና ነው! ልጅሽ ደህና ነው! በሬዲዮ ተናግሯል! እኛ ሰምተነዋል!» ትላታለች። ሴትዮዋ አታምናትም፤ ልትላቀቅ ትታገላለች። ሁለቱም ማሽላው ላይ ወደቁ። ሾፌሩ መጥቶ ልጁ ለቤቱ ያለውን ቃል በቃል ደገመው። ላሚቱ ወለደች ወይ ሲል ሴትዮዋ መታገሏን ተወች። ያንን ከልጇ በቀር ሌላ የሚጠይቅ የለም።

«ወልዳለች» አለች፤ ለእሱ የምትመልስለት ይመስል። «ወንድ ጥጃ ወልዳለች።»

ከዚያ የሆነውን ደስታ አልነግራችሁም። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰ፣ ሳቀ። የዚያችኑ ላም ወተት በቅል አመጡልን። ሴትዮዋ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጣ እጇን አልለቅ አለች።

«ሌላስ? ሌላ ምን አለ?» ትላታለች ደጋግማ።

«ሌላ ምንም አላለም» አለች ባለቤቴ።

ሾፌሩ ፊቱን ወደ አውድማው አዞረ።

«እናንተስ?» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ ሬዲዮ ስትጠብቁ፣ እናንተም ልጅ አላችሁ እዚያ?»

«አለን» አለች ባለቤቴ።

ሴትዮዋ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አላህ እንደ እኔ የእናንተንም ልጅ ድምፅ ያሰማችሁ።»

ባለቤቴ «አሚን» አለች። እኔም አሚን አልኩ። ከዚያ ቅሉን አንስታ ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።