የውሻው ፈቃድ
ቡላዋዮ ከተማ ውስጥ ሲታቢሌ አጠገቧ ያለውን ቤት የተከራዩትን ሽማግሌ ስም አታውቅም። የምታውቀው የተተኮሰ ካኪ ሱሪያቸውንና ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ የሚያጮኹትን ትንሽ የጥፍር መሞረጃ ማሽን ነው። ግዙፉ ውሻቸው ድምፁን ሲሰማ ወንበር ሥር ይገባል። እሳቸው ታዲያ አይጎትቱትም፤ የራሳቸውን ጥፍር ይሞርዱና፣ «አየህ ጌታዬ፣ አያምም» ይሉታል። አሥሩም ጥፍሮቻቸው እንደ መስታወት ያበራሉ፤ የውሻው ግን ሲሚንቶውን ይቧጭራል።

«ባባ፣ ጥፍር አድርገው ይያዙትና ይገላገሉ እንጂ!» አለቻቸው ዛሬ ከአጥሩ ማዶ ሆና።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕመምተኛውን በግድ እያስያዝኩ ጥርስ ነቅያለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከእንግዲህ ማንንም አስገድጄ አልነካም።»

ውሻው ቀስ ብሎ ወጣና አንድ እግሩን ጉልበታቸው ላይ አኖረ። ሽማግሌው አንዲት ጥፍር ብቻ ሞረዱለት፤ ማሽኑን አጠፉና ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ከፍ አድርገው፣ «አመሰግናለሁ» አሉት።