የሚስል ልጅ

በዚያ ጠዋት እዚያ የነበርነው ስድስት ነን። የቤቱን ንጽሕና ሊመረምር ፎርም ይዞ የመጣው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሳኒተሪያን፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፤ ዱላውን ብብቱ ሥር የሸጎጠ ሚሊሻ፤ ከአጥሩ በላይ አንገቷን ያሰገገች ባለሱቅ ጎረቤታችን፤ የቤቱ ተከራይ እማማ፤ እና እሳቸው ያስጠጉኝ እኔ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

ጂንካ ሲዘንብ ነበር ያደረው። ቤቱ የቀበሌ ነው። የጭቃው ልስን እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ቆርቆሮው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ሦስቱም ሥር ጣሳ ተቀምጧል። መስኮት የለውም። እማማ ከአሪ ገጠር መጥተው ልጆቻቸውን የዳሩት፣ ባላቸውንም የቀበሩት ከዚሁ ቤት ነው። ከዚህ ቢወጡ መግቢያ አልነበራቸውም።

ሳኒተሪያኑ ዞሮ አየ። «ሽንት ቤቱ ስታንዳርዱን አያሟላም፤ ግን በጥገና ሊታለፍ ይችላል» አለ። ቤቱ እንዲታሸግ ፈልጎ ነበርና ሥራ አስኪያጁ ቅር አለው። አንድ ጥያቄ ቀረ።

«እማማ፣ እዚህ ቤት የሚያስል ሰው አለ?»

እማማ አማርኛን የለመዱት ገበያ ውስጥ ነው። ፊታቸው በራ። እኔ ያኔ ለሱቅና ለፀጉር ቤት ማስታወቂያ በቀለም እጽፍ፣ ሥዕልም እስል ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ እሳቸው ግን ለመጣው ሁሉ ይኮሩብኝ ነበር።

«አለ! ልጄ አለ። ቀን ያስላል፣ ማታ ያስላል። ወረቀት ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ያስላል።»

«ኧረ በስመ አብ! ግድግዳ ላይ!» ብላ ጎረቤታችን በሳቅ ፈረሰች። ሚሊሻው አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። ሳኒተሪያኑ ጻፈ፦ መስኮት በሌለው ክፍል የማያቋርጥ ሳል ያለበት ሰው።

«ጋሼ፣ የምስል ነኝ እንጂ የማስል አይደለሁም» አልሁና ብሩሹን አሳየሁት።

ገብቶታል። ብሩሹን አየ፣ ፎርሙን አየ። «በእስክሪብቶ ነው የሞላሁት። ስርዝ ድልዝ ያለበት ፎርም አይቀበሉኝም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን ያዘኝ። «የምትስል ከሆንክማ እንኳን ተገኘህ! ና፣ በሩ ላይ ጻፍልን። ያለ ፈቃድ እንደምትሠራ የማናውቅ መሰለህ?»

በቀይ ቀለም ጻፍሁ፦ ለጤና አስጊ ስለሆነ ይታሸጋል። መስመሩን በክር አሰመርሁ። ፊደሉ ቁመቱ አራት ጣት ነው። የ«ጤ» ቀለበት ጠፍጠፍ ብሎ ቢመጣብኝ በቤንዚን ጠርጌ ደገምሁት።

እማማ ፊደል አያውቁም። ከኋላዬ ቆመው «ስሜ ነው?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ለእርስዎ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ተሳቀ።

«ጎበዝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያምራል።»

ሦስት ቀን ሙሉ ፍየል እንዳይታከከው በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ያለፈውን ሁሉ እየጠሩ አሳዩት። አንድም ሰው አላነበበላቸውም። እኔም አላነበብሁላቸውም።

በአራተኛው ቀን ሚሊሻው ጣውላና ሚስማር ይዞ መጣ። ዕቃቸውን አውጥቶ ጭቃው ላይ ደረደረ፤ ጣሳዎቹን ግን ውስጥ ተዋቸው። ጣውላውን በሩ ላይ ሲያጋድመው እማማ እጁን ያዙት።

«ከፍ አድርግ፣ ልጄ። የልጄን ጽሕፈት አትሸፍን።»

ከፍ አድርጎ መታው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ድንበር ከተማዋ ኦሞራቴ የሚሄድ አይሱዙ ላይ፣ ከከረጢቶቹ መካከል ተቀምጠው አየኋቸው። እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

የዚያን ጠዋት ሰዎች ይህን ካነበባችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። በሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ በኋላ የነገራቸው አለ? ደግሞም «ለእርስዎ ነው» ሲባል የሳቅነው ስንት ነበርን? እኔ ከእማማ በቀር ሁላችንም፣ አምስት ብዬ ነው የያዝሁት። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።