የሀብተማርያም ሰባት ቤት

በእድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ አንድ ጊዜ ጽፌ ስላነበብኩ የኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ቶሮንቶ ውስጥ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። በኔ ጽሑፍ ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ ነው። በቁማቸው ሰላም የማልላቸውን ሰዎች ሳይቀር እንዲህ እያልኩ ሸኝቻቸዋለሁ።

ሀብተማርያም ሲሞት ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከሴንት ጄምስ ታውን ጀምሮ፣ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ከኖርንበት ጊዜ አንስቶ ወዳጄ ነበር። በሞተ ማግስት ወይዘሮ ቦጋለች ኮል አደረጉልኝ። ወይዘሮ ቦጋለች የልጁ የጸዮን አማት ናቸው።

«አቶ በየነ፣ ታሪኩን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ያንን ነገር አያንሱብን። አባቱ አቶ ተሰማ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ ብለው ይለፉት። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልነውን ዛሬ ሬሳ ፊት አናውጣው። ዝም አይነቅዝም።»

«ወይዘሮ ቦጋለች፣ ተሰማ እኮ አባቱ አይደሉም።»

«መች አጣሁት? ለራሴ አይደለም የምለምንዎት፤ ለብሩኪ ነው። ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። ብሩኪ የጸዮን ልጅ ነው፣ የእሳቸውም የሟቹም የልጅ ልጅ።

ስልኩን የዘጋሁት ተናድጄ ነው። ያናደደኝ ደግሞ ልመናቸው የእውነት መሆኑ ነበር። ለወሬ የሚጨነቁ ሰው ቢሆኑ ሁለት ቃል ተናግሬ በተገላገልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብተማርያም የጠይብ ልጅ ነው። ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። ጠይብ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራ ሰው ነው። ገበሬው ያለእሱ አያርስም፣ ያለእሱ አያጭድም። ታዲያ ማረሻውን ከተቀበለው በኋላ ማዕድ አብሮት አይቆርስም፣ ልጁን አይድርለትም። ሕፃን ከታመመ የጠይብ ዓይን በላው ይባላል። ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ይባላል። ይህን የሚሉት እንግዲህ የሱ ማረሻ ባረሰው እህል ጠግበው ነው።

እኔ ያወቅኩት እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ዓ.ም. ነው። ለፋሲካ በግ ልንገዛ ከኦሬንጅቪል ወዲያ ወዳለ ገጠር ሄድን። የዚያ አገር ገበሬዎች አበሻን ለምደውናል፤ ጾም ሊፈታ ሲል ገና መኪናችንን ሲያዩ ቢላዋ መሳል ይጀምራሉ። በጉ ታርዶ እስኪገፈፍ ውጭ ቆመን ስንጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ። ሀብተማርያም ወሬውን አቋርጦ አዳመጠ። ከዚያ እኔን እዚያው ትቶኝ መንገዱን ተሻገረ።

ተከትዬው ገባሁ። ጣሪያው ያጎነበሰ የድንጋይ ቤት ነው። ኤልዉድ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ቅድመ አያቱ የሠራውን የብረት መቀጥቀጫ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየከፈተ ለጎብኚ ያሳያል። ቅድመ አያቱ ከስኮትላንድ መጥቶ መንደሩን ካቀኑት ሰዎች አንዱ ነው አለን፤ ለአገሩ ፈረስ ሁሉ የብረት ጫማ የሠራው እሱ ነው። እናትና አባት ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያሳያሉ። ልጆቹ ብልጭታ በፈናጠረ ቁጥር ይጮሃሉ፣ ያጨበጭባሉ። አንዲት እናት የልጇን ፊት በእጇ ስትሸፍን አላየሁም።

ሀብተማርያም ልሞክር ብሎ ጠየቀ። ኤልዉድ ቆሞ ነው የሚሠራው። ሀብተማርያም ግን ጉጠቱን ከተቀበለ በኋላ ዙሪያውን ቃኘ፤ ጥግ ላይ የነበረች አጭር ጉማጅ ጎትቶ ቁጭ አለ። ሌላ የወደቀ ወፍራም ብረት ከጉልበቱ መሐል አጋደመና የጋለውን እዚያ ላይ አድርጎ መታው። አንዴ ይመታል፣ ያገላብጣል፣ ይመታል። በዌርሃውስ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ወገቡ የሚጎብጠው ሰው፣ እዚያ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ ነበር። እኔም የሸዋ ልጅ ነኝ፤ መሬት ተቀምጦ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ አይጠፋኝም።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «አወቅህ አይደል?» አለኝ።

«አወቅኩ።»

«እንግዲህ በጉን ለብቻህ ውሰደው። ከኔ ጋር አትካፈል፤ አልቀየምህም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ከኔ ድስት ስትበላ ኖረህ ዛሬ በኔ በግ ልትኮራብኝ ነው? በሩን ዝጋና እንሂድ፤ ብርድ ገባ።»

ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።

እውነተኛ የአባቱ ስም ገብረእግዚአብሔር ነው። ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ሲመዘገብ የሰፈሩ ሰዎች ከኋላው ተሰልፈው ነበርና የአባቱን ስም ጠርቶ ጠይብነቱን ማወጅ ፈራ። የጎረቤታቸውን የገበሬውን የተሰማን ስም ሰጠ። በዚያ ስም ካናዳ ገባ፣ በዚያ ስም አገባ፣ ጸዮንን በዚያ ስም አሳደገ። ባለቤቱ አዲስአለም ብቻ ታውቅ ነበር፤ እሷም ምስጢሩን ይዛ አረፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ወደዚያ መንደር ይሄድ ነበር። ኤልዉድ ተቀምጦ የሚመታበት ዝቅ ያለ መቀጥቀጫ አዘጋጀለት። ወናፉን በልጅነቱ ለአባቱ ሲነፋ ስላደገ የእሳቱን ቀለም ከሩቅ አይቶ ብረቱ መድረስ አለመድረሱን ይናገራል። ማጭድ ሠርቶ ለኤልዉድ ሚስት ሰጣት፤ ሌላ መሣሪያ አልነካም አለች። አንድ ጊዜ የበሬ ማረሻ ሠራ። ኦንታሪዮ ውስጥ ማን በበሬ ሊያርስበት? ኤልዉድ ግን ግድግዳው ላይ ሰቀለውና ለመጣው ጎብኚ ሁሉ፣ «ይህ የሱ አባት አገር ማረሻ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። በመከር ወራት ገበሬዎቹ ፈረሳቸውን፣ ዱባቸውን፣ ሴቶቹ በጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፉትን ብርድ ልብስ ይዘው ሲሰበሰቡ ሀብተማርያም ከመሐላቸው ነው። ትልቅ ሰው መጥቶ እጁን ይጨብጠዋል። ጥቀርሻ ያለበትን እጅ።

አንድ ቀን ወደ መንደሪቱ መቃብር ወስዶ የኤልዉድን ቅድመ አያት ድንጋይ አሳየኝ። ከስሙ በታች መዶሻና መቀጥቀጫ ተቀርጾበታል። «እየው በየነ» አለኝ፣ «መቃብሩ ላይ ጽፈውለታል እኮ!»

በ2010 የወይዘሮ ቦጋለች ልጅ ራጉኤል ጸዮንን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ሬክስዴል በሀብተማርያም አፓርትመንት ተሰበሰብን፤ በእነሱ በኩል አቶ ፍቅሩና ሁለት ሰዎች፣ በኛ በኩል ሀብተማርያምና እኔ። ወይዘሮ ቦጋለች አንድ ነገር አደራ ብለው ልከዋል፤ ልጆቹ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ይቆጠር። ሁለቱም ቤተሰብ ከአንድ አውራጃ ስለሆነ ጥያቄው ነውር የለውም። በፊተኛው ቀን ሀብተማርያምን፣ «የተሰማን ዘር ታውቃለህ አይደል? እሱን ቁጠርና ይለቅ» ብዬው ነበር።

አቶ ፍቅሩ የራጉኤልን ቆጥረው ጨረሱ። ሀብተማርያም ተነሳ። «እኔ ሀብተማርያም» አለ፣ «አባቴ ገብረእግዚአብሔር፣ ወልደጻድቅ፣ ጉልላት፣ ሣህሉ» እያለ እስከ ሰባተኛው ወረደ።

«አባትህ ተሰማ አልነበሩም እንዴ?» አሉ አቶ ፍቅሩ።

«ተሰማ ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴ ጠይብ ነው፣ አያቴም ጠይብ ነው። እኔም እጄ ይችላል። ለመንግሥት ዋሽቻለሁ፣ ለናንተም ስዋሽ ኖሬአለሁ። በዚህ ቆጠራ ግን ብዋሽና ልጆቹ የሥጋ ዘመድ ቢሆኑስ? እህትና ወንድም ላጋባ ነው? ይህን ኃጢአት አልሸከምም።»

ዘመድ አልነበሩም። የሚገናኝ ስም አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ግን የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

በሳምንቱ አቶ ፍቅሩ ለብቻቸው መጡ። ጋብቻው አይፈርስም አሉ፤ ወይዘሮ ቦጋለች ክፉ ሰው አይደሉም፣ ልጅቱንም ይወዷታል። ሦስት ነገር ብቻ ይለምናሉ። የተሰማ ስም እንደተጠራ ይቀጥል። ያ የቅዳሜው ሥራ ደግሞ ይቁም፤ በበጋ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በአውቶቡስ ወደዚያ ገጠር መሄድ ጀምረዋል፣ አንድ ቀን አይተውት ወሬው ለሚወለደው ልጅ ይተርፋል። ለሙሽሮቹም ምንም አይነገራቸው።

እኔ ጦፌ ተነሳሁ። «እንዲህ ዓይነት ጋብቻ ቢቀር…» ስል ሀብተማርያም ክንዴን ያዘኝ።

«እሺ በሏቸው» አለ። «ልጄ ታግባ።»

ሠርጉ አማረ። ሀብተማርያም ሲጨፍር ሁሉም አየው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ቁጭ ማለት ጀመረ። ኤልዉድ ሲደውልለት ወገቤን አሞኛል አለው፤ ለጸዮንም፣ ለሥራ ጓደኞቹም ይህንኑ አለ። እኔ ስሄድ ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እጆቹ ጭኑ ላይ ተጋድመዋል። በ2016 መከር ላይ ልቡ ቆመ።

የወይዘሮ ቦጋለች ስልክ የመጣልኝ ያኔ ነው። ሲጨንቀኝ ዋለና ወደ ኢቶቢኮ፣ ወደ ጸዮን ቤት ሄድኩ። የለቅሶ ድንኳን በሌለበት አገር ለቅሶ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሰው ወጣ ሲልላት እሷንና ራጉኤልን ብቻ አስቀርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጋሼ በየነ፣ ጠይብ ምንድነው?» አለችኝ። ጸዮን ነርስ ናት፣ እዚሁ አድጋ። የአባቷን የቅዳሜ ሥራ ታውቃለች፤ እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ መዝናኛ መስሏት ነው የኖረችው። ነገርኳት። ጅብ ይሆናሉ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ «ሲሪየስሊ?» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ያቆመው በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው። ላንቺ ጋብቻ ብሎ።»

ራጉኤል፣ «ማሚ ናት እንዲህ ያደረገችው?» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጸዮን ግን አላለቀሰችም። «እርስዎ ይጻፉት» አለችኝ፣ «ሁሉንም። የማነበው እኔ ነኝ።»

ፊደል አንብባ ስለማትዘልቅ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩላት።

ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። «አባቴ ሀብተማርያም ገብረእግዚአብሔር» ብላ ጀመረች፤ ከሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። ወይዘሮ ቦጋለች ፊት ለፊት ብሩኪን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጸዮን ሰባቱን ስም እየተንተባተበች ወደ ታች ወረደች። «አባቱ ጠይብ ነበሩ። እሱም ጠይብ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበበችውም። ወረቀቱን አጠፈችና በተሰባበረው አማርኛዋ ተናገረች።

«አባዬ ወገቤን አመመኝ ብሎኝ ነበር። ለስድስት ዓመት። እኔ ነርስ ነኝ፤ የወገብ መደገፊያ ገዛሁለት፤ ዝም ብሎ በየቀኑ አደረገው። ቤቴ ሲመጣ ሁልጊዜ አድርጎት ነው የሚመጣው። ትናንት ከሆስፒታል ዕቃውን ሲሰጡኝ እሱም አብሮ ነበር። ወገቡ ደህና ነበር። ለኔ ብሎ ነው አላችሁኝ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ወይዘሮ ቦጋለች ልጁን ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፉት፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ አየሁ። ቄሱ ዲያቆናቱን አስከሬኑን አንሱ አሏቸው፤ ራጉኤልም ሄዶ ፊተኛውን እጀታ ያዘ።