ለክሽክሽ የተሰጠ ቀጠሮ

አያቴ በቁስቋም ሰፈር የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጽጌረዳቸውን ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ሲወርረውም ሥራቸው ያው ነበር። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ ባመጡት የአበባ ማሰሮ ፊት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቅጠሉን ገልብጠው ተባዮቹን ያነጋግሯቸዋል። «ስሙ እንግዲህ፤ ሦስት ቀን ሰጥቻችኋለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሰላም ውጡ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕፅዋት የተማርኩት እኔ፣ ተባዩን የሚገድል የሳሙና ውሃ በጥብጬ ከኋላቸው እቆማለሁ።

«አባባ፣ እስከዚያ እኮ ተክሉን ይጨርሱታል» ስላቸው፣

«ምነው ልጄ፣ ሳይመክሩ መቅጣት ነውር አይደለም?» ይሉኛል።

በሦስተኛው ቀን ክሽክሹ ወልዶ ተዋልዶ ይጠብቀናል። እሳቸውም እንደ ማፈር ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ «አንድ ቀን ጨምሪላቸው፤ ዕቃቸውን እየሸከፉ ይሆናል» ይላሉ። እንዲህ ሲባል ስንት ጽጌረዳ አለቀ።

እሳቸው ካረፉ አርባ ቀን ሳይሞላ ክሽክሹ ተመለሰ። እኔም የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠሁት። ቀጠሮው ዛሬ ስላለቀ የሳሙናውን ውሃ ይዤ ወጣሁ። ባዶው በርጩማ አጠገብ ቆሜ የሚከለክለኝ ሰው ጠበቅሁ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አንድ ቀን ጨምሬላችኋለሁ» አልኳቸው።